ድንጉጡ ፀጉር አስተካካይና የአባቱ ግማሽ ጢም

ሰፈሩ ሁሉ «ድንጉጡ» ይለው ነበር። ስሙን ማን እንዳወጣለት ሲጠየቅ ሁሉም «እኔ ነኝ» ስለሚል፣ ሁሉም አውጥተውለታል ብለን እንለፈው። ውሻ ይፈራል፣ መብረቅ ይፈራል፣ ፍሬኑ የሚያፏጭ አውቶቡስ ይፈራል። ስልክ ሲጠራ መጀመሪያ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግና ነው «አቤት» የሚለው። አንድ ቀን የገዛ ጥላው ቀድሞት በር ላይ ቢደርስ «ይለፉ» ብሎ አሳለፈው የሚል ወሬም አለ። ይህን ያወራው ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ነው። ፖስተኛው ሠላሳ ዓመት የተጻፈ ሲያመላልስ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ያልተጻፈውን ማመላለስ የጀመረ ሰው ስለሆነ፣ ወሬውን ግማሹን ጥሎ ግማሹን አጥቦ መውሰድ ነው።

«ፈሪ ለእናቱ» ይባላል። የድንጉጡ እናት ግን ገና በጎረምሳነቱ ስለሞተችበት፣ ለማን እንደተረፈ ሳይታወቅ ቆየ። ኋላ ሲታይ ለአባቱ ነበር።

የፈጣሪን ቀልድ እዩት እንግዲህ፤ የዚህ ሰው ሥራ ምላጭ መያዝ ነበር። አባቱ አርባ ዓመት የሠራበት፣ አንድ ወንበር ብቻ ያለው ፀጉር ቤት ውስጥ ያስተካክላል፣ ይላጫል። ደግሞም ጎበዝ ነበር። ደፋር ፀጉር አስተካካይ ነው ጆሮ የሚቆርጠው፤ ፈሪው ደንበኛው ለማስነጠስ ትንፋሹን ሲስብ ገና ምላጩን አንሥቶ ቆሟል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከማንም ፊት ላይ አንዲት ጠብታ ደም አላወጣም።

አባትየው ከሥራው የወጣው እጁ ከድቶት ነው። አንድ ጠዋት አረፋ የተቀባ ደንበኛ ፊት ቆሞ ምላጩን ሲያነሣ፣ ቀኝ እጁ እንደ ቅጠል ተርገፈገፈ። ደንበኛው ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር አላየም። አባትየው ምንም ሳይል ምላጩን ለልጁ አቀበለና በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን የሚመራው በአፉ ሆነ፦ «ከጆሮው በላይ ከፍ አድርግ!» «ማጅራቱን ተወው፣ አንገቱን ያሳጥረዋል!» ልጅየው እጅ፣ አባትየው ዓይን ሆነው ሁለቱ አንድ ሙሉ ፀጉር አስተካካይ ወጣቸው።

በፀጉር ቤት ሰው የሚነጋገረው በመስተዋት ነው። አስተካካዩ ከኋላ፣ ደንበኛው ከፊት፣ ዓይን ለዓይን የሚገናኙት መስተዋቱ ውስጥ ብቻ። እነዚህ አባትና ልጅም የረባ ነገር ሁሉ የተነጋገሩት በመስተዋት ነበር። ሌላም ሕግ ነበራቸው፤ አባትየው በካርቶን ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ለጥፎታል፦ ምላጭ ፊት ላይ እያለ ደንበኛ አይናገርም። ፖስተኛው በዚህ ሕግ ምክንያት ጢሙን ለማሳደግ ሁሉ ሞክሮ ነበር፤ ሚስቱ ናት የከለከለችው። «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይል ነበር አባትየው፤ «ራሱን እኛ እናየዋለን፣ አፉን እሱ ይጠብቅ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ሳይከፈት፣ ልጅየው አባቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ይላጨዋል። ጢም ያጎፈረ ፀጉር አስተካካይ ለአባትየው ራቁቱን አደባባይ እንደወጣ ሰው ነበር።

ሰኞ ቤቱ ዝግ ነው። ነገር የመጣው በሰኞ በኩል ነው።

ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ የታመሙ ሽማግሌዎችን አስተኝተው የሚያስታምሙ የካቶሊክ ገዳማውያን ወንድሞች ይኖራሉ። አለቃቸው ሆዱ ከሱ በፊት በር የሚገባ፣ ሳቅ የሚቀናው አዛውንት ነበር፤ ሁሉም «ወንድም አለቃ» ይለዋል። አንድ ቀን ፀጉሩን ሲስተካከል በመስተዋቱ ውስጥ አባትየውን አየና፦

«እኛ ቤት አሥራ ሁለት ጢም አለ። አንዱም ወደዚህ መምጣት አይችልም» አለው።

«ሰኞ ልጄ ይመጣልሃል» አለ አባትየው፤ እሑድ ቅዳሴ የማይቀር ሰው ነው። «ጽድቅ ነው። ሂድ አንተ ልጅ።»

የላከው እሱ ራሱ ነበር እንግዲህ። ኋላ ያንገበገበው ይኼው ሳይሆን አይቀርም።

በመጀመሪያው ሰኞ ድንጉጡ የደረሰው አጥንቱ ብቻ የቀረ የቀድሞ የከባድ መኪና ሹፌር ዘንድ ነው። ፊቱን በሞቀ ፎጣ ሸፈነለት፣ አረፋ ቀባው፣ ላጨው። ሰውየው በጣቱ ጉንጩን ዳበስ አድርጎ «ለሠርግ ነው እንዴ?» አለና ፈገግ አለ። ፎጣው ሳይደርቅ ሞተ። እጁ በድንጉጡ እጅ ውስጥ ነበር። ድንጉጡ ፍርሃቱን ቆሞ ጠበቀው፣ እንደዘገየ አውቶቡስ፤ አልመጣም። ሰውየውን ከወንድም አለቃ ጋር አጠበ፣ ገነዘ፣ ጸለየ፣ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። መንገድ ላይ አንድ ቡችላ ቢጮህበት ቦይ ዘሎ ተሻገረ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሰኞ አላመለጠውም። መጀመሪያ ጢም ብቻ ነበር፤ ከዚያ ጥፍር፣ ከዚያ ገላ ማጠብ፣ ከዚያ ከወንድሞቹ ጋር ቁጭ ብሎ የማታውን ጸሎት መድገም። ማክሰኞ ወደ ወንበሩ ሲመለስ አንድ ነገር እዚያ ረስቶ የመጣ ይመስለዋል፣ ኪሱን ይፈትሻል። የረሳው ራሱን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። የተረዳ ዕለት እንቅልፍ አጣ።

ወንድም አለቃ ድንጉጡ እስኪነግረው አልጠበቀም፤ ራሱ ጠየቀው።

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሠላሳ ሦስት።»

«ማግባት አትፈልግም?»

«እፈራለሁ።»

«እዚህ መግባትስ?»

«እሱንም እፈራለሁ።»

«ሁለቱ ፍርሃት አንድ ናቸው?»

ድንጉጡ የያዘውን ማበጠሪያ ጠርጎ አስቀመጠ። «አይደሉም» አለ። «ማግባት ቢቀርብኝ ተገላግዬ እተኛለሁ። ይኼኛው ግን... የሚያስፈራኝ እንዳይቀርብኝ ነው።»

ወንድም አለቃ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም። «የጥሪህን ነገር በደንብ መርምረው» አለው። «ጸልይ፣ አትቸኩል። አዲስ የምንቀበልበት ቀን የወሩ መጀመሪያ ነው፤ ብትመጣ በሩ ክፍት ነው። ባትመጣም ሰኞ ጢሜን ትላጨኛለህ፣ አልቀየምህም።»

መጀመሪያ የነገረው ለታላቅ እህቱ ነው። መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ባልና ልጆች ያላት፣ ምላሷ ከወንድሟ ምላጭ የሚስል ሴት ናት።

«ቄስ ልትሆን ነው?»

«አይደለም እትዬ፤ ወንድም።»

«ወንድምማ ነህ! ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ወንድሜ ነህ። ለዚህ ገዳም ምን ያስገባሃል?»

«ገዳማዊ ወንድም ማለቴ ነው። አልቀድስም። ሕሙማን ነው የማስታምመው።»

«ቄስ ብትሆን እኮ አባዬ ያወራበታል። ‹ልጄ ቀደሰ› ይላል፣ ደረቱን ይነፋል። አሁን ምን ይበል? ‹ልጄ የሰው ሽማግሌ ያጥባል፣ የራሱን ሽማግሌ በርጩማ ላይ ትቶ› ይበል?»

ይህን እንዳለች ራሷ ደነገጠችና አፏን ያዘች። ግን ወጥቷል። ቃሉ ድንጉጡ ሆድ ገብቶ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት አልወጣም።

«እኔ ቤት ልውሰደው ብል አይመጣልኝም» አለች ቀስ ብላ። «እጁ አንተ ነህ። ማን ነው የሚነግረው?»

«እኔ።»

«አንተ?» አለችና፣ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል ሳቋ አመለጣት። «አንተ ሐሎ ለማለት ውሃ የምትጠጣ ሰው!»

ሰው ከባድ ነገር ሲኖረው ምሳ ይጋብዛል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ ደብዳቤ ይጽፋል። የኛ ሰው ግን የፀጉር አስተካካይ ልጅ ነውና የፀጉር አስተካካይ ዘዴ መጣለት፤ ከሌላ ሙያ የመጣ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም። አባቱ ተናጋሪ ነው፤ መሀል ላይ ይገባል፣ ያስቆማል፣ ይቆጣል፣ ልጅየው ይደነግጥና ይተወዋል። አባቱ የማይናገርበት ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ምላጭ ፊቱ ላይ ሲሆን።

ቅዳሜ ጠዋት አረፋ ቀባው። ቀኝ ጉንጩን ጨረሰ። አገጩን ቀና አድርጎ ምላጩን ከመንጋጋው በታች እንዳሳረፈ፣ ዓይኑን ወደ መስተዋቱ አነሣና፣ ሁለት ሳምንት የሸመደደውን በአንድ ትንፋሽ አወጣው፦

«አባዬ፣ እዚያ ወንድሞች ቤት ልገባ ነው። ሰኞ ሰኞ ሳይሆን ለሁልጊዜው። እግዚአብሔር ጠርቶኛል ብዬ አምናለሁ። የወሩ መጀመሪያ ላይ ነው የምገባው።»

አባትየው አልተንቀሳቀሰም። አርባ ዓመት ያስከበረውን ሕግ በዚያች ሰዓትም አከበረ። ዓይኑ ብቻ መስተዋቱ ውስጥ ልጁን ያዘው። ከዚያ ማንቁርቱ ከምላጩ ሥር አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ። ነጩ አረፋ ላይ ቀይ ነጥብ ወጣች።

በአሥራ አራት ዓመት የመጀመሪያዋ ደም ነበረች።

አባትየው የሚንቀጠቀጥ እጁን አንሥቶ ምላጩን ከአንገቱ ላይ ገፋ አደረገ። ተነሣ። ፎጣውን ከትከሻው አወረደ። ግራ ጉንጩ አረፋ እንደለበሰ፣ በሩን ከፍቶ ወደ ጎዳናው ወጣ።

«ከፈሩ አይናገሩ፣ ከተናገሩ አይፍሩ» የሚባለውን ድንጉጡ ያውቀው ነበር። እሱ ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሞከረው። ሰፈሩማ እስከ ምሳ ድረስ የራሱን ቅጂ አዘጋጅቶ ጨርሷል፦ ድንጉጡ አባቱ ማንቁርት ላይ ምላጭ ደግኖ «ገዳም ልግባ ወይስ አልግባ» አለው ተባለ። ፖስተኛው አቀበለ፣ ሰው ተቀበለ።

ሰኞ አልፎ ማክሰኞ፣ አባትየው እንደ ወትሮው መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ቀኝ ጉንጩ ገና ልስልስ መሳይ፣ ግራው የአሥር ቀን ሽበት።

«አባዬ፣ ና ልጨርስልህ።»

«ትቀራለህ?»

ልጅየው ፎጣውን መልሶ አጠፈ።

«እንግዲያው ወንበሩ ላይ አልቀመጥም።»

ሰው ለማየት ብቻ ፀጉሩ ሳያድግ መምጣት ጀመረ። ጢም አጉፍሮ መንገድ መውጣት ያሳፍረው የነበረ ሰውዬ፣ ግማሹን አጉፍሮ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ በር ላይ ተሰቀለ። ፖስተኛው አላስቻለውም፦

«ጋሼ፣ ይሄ አዲስ ፋሽን ነው?»

«አዎ» አለ አባትየው። «ልጅ ላለው ሰው ነው። አንተም አለህ፣ ተዘጋጅ።»

ፖስተኛው ጉንጩን እየዳበሰ ወጣ።

ከመንገዱ ማዶ ተፎካካሪያቸው ነበር፤ ደንበኛውን ሽቶ አርከፍክፎ ስለሚሸኝ «ሽቶ» የሚባል። አባትየው ስሙን እንኳ አይጠራውም፤ «ያ ቆዳ ገፋፊ» ነው የሚለው። ሽቶ በሩ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ የቀረውን እኔ ልርዳዎት?» ብሎ ቢቀልድ፣ አባትየው ፊቱን ሳያዞር «ከአንተ መሬት ይላጨኝ» አለው። ሁሉም ሳቀ። ድንጉጡም ሳቀ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቶ ፎጣ ፊቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

የተላጨው ወገን ቀስ እያለ እንደገና አቆጠቆጠ፤ ያልተላጨው ግን ቀድሞታልና ልዩነቱ በየቀኑ ይታይ ነበር። በሳምንቱ ሰኞ ድንጉጡ ወንድም አለቃ ዘንድ ሄደ።

«አልችልም» አለው። «አልመጣም።»

«እሺ» አለ ወንድም አለቃ። የሽማግሌ አልጋ እያነጠፉ ነበር፤ አንሶላውን አንዱ ከወዲያ አንዱ ከወዲህ ይዘዋል። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ስትመጣ የነበረው ከዚያ ወንበር ሸሽተህ ነው? ከአባትህ ትእዛዝ፣ ከምላጩ? ከሆነ፣ ባትመጣ ለኛም ይሻለናል፤ ሰው ሽሽት ላይ ቤት አይሠራም።»

ድንጉጡ አንሶላውን ይዞ ቆመ። ከበርጩማዋ የሚመጣውን የአባቱን ድምፅ አሰበ። «ከጆሮው በላይ» የሚለውን አሰበ።

«ያን ወንበር እወደዋለሁ» አለ። «ብሸሸው ኖሮ እንዲህ አያመኝም ነበር።»

«እንግዲያው የምትፈራው ምንድን ነው?»

«አባቴ ብቻውን ሲቀር ማየት።»

«እሱ ፍርሃት አይደለም፣ ልጄ። እሱ ፍቅር ነው። መድኃኒት የለውም። ብትገባም አይለቅህም።» አንሶላውን ሳበ። «ከፈለግህ ልምጣና እኔ ላናግረው?»

«አይሆንም» አለ ድንጉጡ። ድምፁ ራሱን አስገረመው። «አንዴ በምላጭ ሥር ነግሬዋለሁ። ሁለተኛውን በሰው አፍ አልነግረውም።»

በዚያው ቀን በምሳ ሰዓት ቤት ሄዶ ከአባቱ ፊት ለፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መስተዋት የለ፣ ፎጣ የለ፣ በእጁ የሚይዘው ነገር የለ። የአባቱን ፊት በቀጥታ፣ እንዲህ ከቅርብ ያየበትን ጊዜ አያስታውስም። ቅንድቡ ላይ የማያውቀው ጠባሳ ነበር።

«አባዬ፣ ያን ቀን አጥፍቻለሁ። ፊትህን ማዞር እንኳ በማትችልበት ነገርኩህ። አሁን እንደገና ልነግርህ ነው። ማዞር ትችላለህ፣ መነሣት ትችላለህ፣ መማታትም ትችላለህ።»

«መቼ መትቼህ አውቃለሁ?»

«አታውቅም። መትተኸኝ ብታውቅ ይቀለኝ ነበር።»

ነገረው። ስለ ሹፌሩ ነገረው፣ ስለ ሦስቱ ዓመት ነገረው፣ እዚያ ቤት ውስጥ ስለማይመጣው ፍርሃት ነገረው። አባትየው መሀል ላይ አልገባም። ልጁ ሲጨርስ ፊቱን አዞረ፤ ያልተላጨው ወገን ለልጁ ቀረ።

«እግዚአብሔርን አልተጣላሁትም» አለ አባትየው። «እሑድ እሑድ ቤቱ እሄዳለሁ። ግን ከሌላ ሰው ልጅ መውሰድ አይችልም ነበር? አምስት ስድስት ያላቸው አሉ።»

«አላውቅም፣ አባዬ።»

«ብለምንህ ትቀራለህ?»

እነሆ፣ ድንጉጡ ዕድሜውን ሙሉ የፈራው ጥያቄ ይኼ ነበር። ውሻውም መብረቁም አውቶቡሱም ለዚህ መለማመጃ ነበሩ። ቢዋሽ፣ የወሩ መጀመሪያ ቀን ይጋለጣል። እውነቱን ቢናገር አባቱን በአንድ ቃል ሁለተኛ ሊያደማው ነው።

«ብትለምነኝ ልቤ ይሰበራል» አለ። «ግን እሄዳለሁ።»

አባትየው የበላበትን ሳህን ሳበ። «እንግዲያው አልለምንህም» አለና ተነሥቶ ሳህኑን ወደ ጓዳ ወሰደ። ሲሄድ ሳህኑ እጁ ላይ ይንኳኳ ነበር።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ድንጉጡ አንድ ደንበኛ እያስተካከለ ነው። አባትየው ከበርጩማው ተነሣ። ኮቱን አስተካከለ። መንገዱን ግራ ቀኝ አይቶ ተሻገረና፣ የሽቶን በር ከፍቶ ገባ።

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይባላል። ፀጉር መቁረጫው ቶንዶስ ድንጉጡ እጅ ውስጥ እየጮኸ፣ እሱ በሁለት መስኮት በኩል ያያል፤ በራሱና በሽቶ መስኮት። ሽቶ ፎጣ ለማንጠፍ ሦስት ጊዜ ሞከረ። አረፋ ቀባው፣ ላጨው፣ ጨረሰ። የሽቶውን ጠርሙስ ሲያነሣ አባትየው በእጁ ከለከለው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ርጨው፣ ሙሉውን ርጨው» ብሎታል ይላሉ። መንገዱን መልሶ ሲሻገር ግን የነገሩኝ ሁሉ የማይለያዩበት አንድ ነገር አለ፤ ሽቶ ሽቶ ይሸት ነበር።

በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ ሙሉ ለሙሉ ልስልስ፣ ባዳ ፊት።

«እንግዲህ ፊቴ ላይ የቀረህ ሥራ የለም» አለ። «ሂድ።»

ይህ ስድብ ነው ወይስ ፈቃድ? እህትየው «አዋረደው» አለች። ፖስተኛው «ፈታው» አለ። ድንጉጡ ግን ደንበኛው ግማሽ ራሱን ተስተካክሎ እየጠበቀው ነበርና ጨረሰለት።

የወሩ መጀመሪያ ቀን እህቱ ሻንጣውን ልትሸከምለት መጣች። አባትየው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ራዲዮ ያዳምጣል።

«አባዬ፣ ሄድኩ።»

«በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋው» አለ አባትየው፣ ቀና ሳይል። «ይጮሃል።»

ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ገዳሙ በር ላይ ሲደርስ ፍርሃቱን ፈለገው። ሰው ቁልፉን እንደሚፈልግ፣ ደረቱ ውስጥ ዳበሰ። የለም። አሸንፎት ቢሆን ደስ ባለው። ግን ድል የነሣ ሰው እንዲህ ባዶ አይሆንም። የሚፈራው ነገር ሆኖ አልቋል፤ ፍርሃቱ የሚጠብቀው ስላጣ ጥሎት ሄደ እንጂ። «ይኼ ነው እንዴ?» አለ ለራሱ፣ ደወሉን ደወለ።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ ነው። ጥሩ ወንድም ወጣው። ሕሙማኑ እሱ ሲያጥባቸው አይሳቀቁም፤ እሱ ዛሬም በመብረቅ ስለሚደነግጥ፣ እነሱ ያባብሉታል። የመጀመሪያ መሐላውን ሲፈጽም ከፊት ረድፍ ለቤተሰብ ሁለት ወንበር ተይዞ ነበር፤ እህትየው በአንዱ ተቀመጠች፣ በሌላው ቦርሳዋን አስቀመጠችበት፣ ባዶ እንዳይመስል።

ፀጉር ቤቱ ተዘጋ። አባትየው የት እንደዋለ ብነግራችሁ አታምኑም፤ ሽቶ ቤት። በርጩማዋን ተሸክሞ ተሻገረ። «ከጆሮው በላይ ከፍ አድርግ!» ይላል፣ ሽቶ ከፍ ያደርጋል። «ያቺን ሽቶ ደሞ ጣላት!» ይላል፣ ይህችን ትእዛዝ ግን ሽቶ አይሰማም።

ለልጁ ግን የመረጠው ቅጣት ሌላ ነበር። ድንጉጡ፣ ወንድሞቹ ሌላ ከተማ ወዳለው ቤታቸው ስለላኩት፣ በዓመት ሁለቴ ፈቃድ አግኝቶ ሊጠይቀው ሲመጣ፣ አባትየው ከመቀመጫው ብድግ ይላል። «እንደምን አሉ? ይቀመጡ» ይለዋል። «ወንድሞች ደኅና ናቸው? መንገዱ አላደከመዎትም?» አባት ልጁን አንቱ ሲል የሰማ ያውቀዋል፤ ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር። «አባዬ፣ አንተ በለኝ» ብሎ አንድ ጊዜ ለመነው። «እንዴት ተደርጎ!» አለ አባትየው፣ ኮቱን እየቆለፈ። «የእግዚአብሔር ሰው ነዎት።»

በስድስተኛው ዓመት፣ በሥራ ቀን፣ በቀትር፣ አባትየው ታመመ። እህትየው ደወለች። አውቶቡሱ ሲደርስ ሞቷል።

ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ድንጉጡ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ፖስተኛው ከመሀል ተነሣ። አርጅቷል፣ ድምፁ ግን አላረጀም።

«ጠዋት ቤቱ ነበርኩ» አለ። «በነዚህ ጆሮዎቼ ነው የሰማሁት፦ ‹ልጄን ጥሩልኝ፣ መርቄዋለሁ በሉት› ብሎ ነው ያረፈው!»

ቤቱ አንድ ላይ አለቀሰ። እንዴት ያለ ጥሩ ልቅሶ ነበር! ሰው ዕንባውን ጠርጎ «ተመስገን፣ ታረቁ» አለ። ሰፈሩ ዛሬም ድረስ የሚያወራው ይህንኑ ነው። እኔም እስከዚያ ድረስ የሰማሁት ይህንን ነበር፤ የቀረውን የነገረችኝ እህትየው ናት።

ሰው ሲወጣ እሷ የተዋሱትን ወንበሮች እየደራረበች ነበር።

«እትዬ።»

«ወዬ።»

«ሲያርፍ ማን ነበር?»

«እኔ ብቻ።»

«ጠራኝ?»

ያነሣችውን ወንበር ይዛ ቆመች። «ፖስተኛው ሲናገር ሰማኸው አይደል።»

«ፖስተኛውን ሰምቼዋለሁ። አንቺን ነው የምጠይቅሽ።»

«ይኼ ሁሉ ሰው አምኖ ሄዷል። አንተስ ብታምን ምን አለበት?»

«ምንም የለበትም። ንገሪኝ።»

ዓይኑን አየችው፤ ኋላ ስትነግረኝ «ያን ቀን የማውቀውን ድንጉጥ ወንድሜን አጣሁት፤ ሽፋሽፍቱ እንኳ አልተንቀሳቀሰም» ነው ያለችኝ።

«አልጠራህም» አለችው። «ትራሱን አስተካክይልኝ አለ። መስኮቱን ዝጊው አለ። ውሃ ጠየቀ። አልጠራህም፣ ወንድሜ።»

ራሱን ነቀነቀ። ወንበሩን ከእጇ ተቀብሎ ከሌሎቹ ላይ ደረበው። ከዚያም ስለማንኛውም በሽተኛው እንደሚጠይቅ አድርጎ፦

«ውሃውን ጠጣ?» አላት።

«ሁለት ጉንጭ።»

«እሰይ» አለ፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።